ጂጂን የዋጣት ባሱ አይደለም

አንድ የኮምቦልቻ የሙዚቃ ወዳጅ ስለ እጅጋየሁ ሽባባው (ጂጂ) አልበም የጻፉትን ትችት አነበብኩ። ጽሑፉ በቅንነት የተጻፈ ነው። ጸሐፊው ጂጂን እንደሚወዷትም ያስታውቃል። የደረሱበት ፍርድ ግን ልክ አይመስለኝም፤ ዝም ብዬ ማለፍም አልቻልኩም። ይህ አልበም ደሴ ውስጥ ለዓመታት የሰማሁት፣ ክረምት ከበጋ ያልተለየኝ አልበም ነው።

ጽሑፉን ያላነበበ እንዳይቸገር ፍሬ ነገሩን ላስቀምጥ። የምንነጋገረው «ጂጂ» ተብሎ በራሷ ስም ስለተሰየመው፣ እ.ኤ.አ. በ2001 በፓልም ፒክቸርስ የሙዚቃ ኩባንያ ስለወጣው አልበም ነው። ፕሮዲውሰሩ አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ነው። ጸሐፊው ባሱ፣ ማለትም ወፍራሙ የታች ድምፅ፣ ድምጿን ውጦታል ይላሉ። የፈረንጅ ጃዝ ተጭኖበታል፣ ዘፈኖቹ እየተደጋገሙ ያሰለቻሉ፣ ግጥሙ ጥርት ብሎ አይሰማም ይላሉ። ድምፁ ከዛሬ አልበሞች ጋር ሲነጻጸር ደካማ ነው፤ ሥራውም ከእሷ ይልቅ የፕሮዲውሰሩ ነው ባይ ናቸው። መዝጊያቸው ደግሞ «የወሎ ጆሮ አይቀበለውም» የሚል ነው። እኔን ለመጻፍ ያስነሳኝ ይቺ የመጨረሻዋ ናት። ግን በተራ ልሂድ።

«ባሱ ድምጿን ውጦታል»

ጸሐፊው አልበሙን የት እንደሰሙት ራሳቸው ነግረውናል። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሲመጡ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ሾፌሩ ከፍላሽ ከፈተው። የቀረውን ቤታቸው ገብተው በስልካቸው ጨረሱት።

በሁለቱ ከተሞች መሐል ያለውን የሐረጎን ዳገት የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ነገሩ ይገባዋል። ሚኒባሱ ሰው ጭኖ ያንን ጠመዝማዛ ዳገት በከባድ ማርሽ ሲወጣ የሞተሩ ጉርምርምታ የሚያርፈው ቤዝ ጊታሩ ባለበት የድምፅ ክልል ላይ ነው። ሾፌሩ ሙዚቃው ከሞተሩ በላይ እንዲሰማ ድምፁን ይጨምራል። ባሱንም እስከ ጥግ ይለቀዋል። ከኋላ ወንበር ጀርባ የተገጠመው ስፒከር መንዘርዘር ይጀምራል። ያ መንዘርዘር አልበሙ ውስጥ የለም፤ የስፒከሩ ነው።

ስልኩ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። የስልክ ስፒከር በጣም ትንሽ ስለሆነ ከ200 ኸርዝ (በሰከንድ 200 ንዝረት) በታች ያለውን ድምፅ በወጉ አያወጣም። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ሲመታ የሚያወጣው ድምፅ ግን 41 ኸርዝ አካባቢ ነው። ስለዚህ ባሱ ሚኒባሱ ውስጥ ከልክ አለፈ፣ ስልኩ ላይ ደግሞ ጠፋ። ጸሐፊው ሁለቱን አንድ ላይ አድርገው «ሚክሲንጉ የተበላሸ ነው» አሉ፤ የድምፆቹ አመዛዘን ማለታቸው ነው። አልበሙን ግን ሁለቱም ጋ አልሰሙትም።

ነገሩ በወሬ እንዳይቀር እዚሁ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ኤሌክትሮኒክስ የሚጠግንና ሚሞሪ የሚጭን ወዳጄ ጋ ሄድኩ። ሱቁ ውስጥ አንድ አሮጌ አምፕሊፋየርና ሁለት የእንጨት ስፒከሮች አሉት። እኔ ሲዲዬን ይዣለሁ። እሱ ለደንበኞቹ የሚጭነውን ፋይል ከፈተልኝ። ሁለቱንም በእነዚያው ስፒከሮች፣ በአንድ የድምፅ መጠን፣ ባሱንና ትሬብሉን መሐል ላይ አድርገን እያቀያየርን ሰማናቸው።

ፋይሉ ገና ሲጀምር ከሥሩ የቴፕ ሽሽታ አለ። አንድ ሰው መጀመሪያ ወደ ካሴት ቀድቶት፣ ከዚያ ከካሴት ወደ ኮምፒውተር የገለበጠው ነው ማለት ነው። ቀጥሎ የዜማው ቁልፍ (ከፍታው) ተለያየብን። ወዳጄ ጊታሩን አንስቶ አመሳከረው። ፋይሉ ከሲዲው ግማሽ ቶን (በፒያኖ ከአንዱ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት) ሊሞላ ጥቂት የቀረው ያህል ከፍ ብሏል። ቴፕ በ6 በመቶ ከፈጠነ ዜማው ግማሽ ቶን ከፍ ይላል፤ ያ ካሴት የተገለበጠበት ቴፕ ሞተሩ ይፈጥን ነበር። ለዚህ ነው ጂጂ ፋይሉ ላይ ድምፀ ቀጭን ልጅ የምትመስለው።

ዋናው ጉድለት ግን ሌላ ነው። ፋይሉ ሞኖ ሆኗል። ሲዲው ላይ ግራና ቀኝ ተለያይተው የተቀመጡት መሣሪያዎች በሙሉ ፋይሉ ላይ መሐል ላይ ተከምረዋል። እሷም እዚያው ክምር ውስጥ ናት። ባሱ ዋጣት የሚያስብለው ትልቁ ምክንያት ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። በዚያ ላይ ፋይሉ በሰከንድ የሚይዘው 128 ኪሎቢት ነው። ሲዲ በሰከንድ 1,411 ኪሎቢት ይይዛል። ከአሥራ አንድ እጅ አንዱ ብቻ ቀርቶ ማለት ነው ሚሞሪያችን ላይ የሚጫነው። ኤምፒ3 የማይሰማውን መርጦ ለመጣል ጎበዝ ነው። ግን ከካሴት የመጣ ሽሽታም ቦታ ይይዝበታል፤ ያን ጊዜ መጣል የሌለበትን ይጥላል።

ሲዲው ላይስ? ባሱ አለ። ከባድም ነው። ላስዌል ራሱ ቤዝ ተጫዋች ነው፤ አሳንሶት አያውቅም። ነገር ግን ባሱ ከሥር ነው፣ እሷ ከላይ ናት፣ መሐላቸው ክፍት ነው። አንድ ቦታ ላይ ወዳጄ እጁን አንስቶ «ቆይ ቆይ፣ መልሰው» አለኝ። መለስኩለት። ስንኙን ከመጀመሯ በፊት አየር ስትስብ ተሰምታው ነው። ይህን ፋይል ለስንት ሰው የጫነ ሰው ያንን ትንፋሽ ሰምቶት አያውቅም ነበር። ባስ የዋጠው ድምፅ ትንፋሹ አይሰማም።

«የፈረንጅ ጃዝ ተጭኖበታል»

እዚህ ላይ ጸሐፊው ስም ሳይጠሩ «የማናውቃቸው ጃዚስቶች» ይላሉ። ስማቸውን እኔ ልጥራ። ኸርቢ ሃንኮክና ዌይን ሾርተር አሉ፤ ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በማይልስ ዴቪስ ቡድን ውስጥ የነበሩ ናቸው። ከጆን ኮልትሬን ጋር የተጫወተው ፋሮ ሳንደርስ አለ። ሄንሪ ትሬድጊል አለ። ታብላ በሚባለው የህንድ ከበሮ ላይ ካርሽ ካሌ አለ። ኪቦርድ ላይ ደግሞ የራሳችን ሰው አበጋሱ ሽዎታ አለ። እነዚህ ሰዎች ለአንዲት ከቻግኒ ለመጣች፣ አሜሪካ ከገባች ገና ጥቂት ዓመት ለሆናት ልጅ ሊጫወቱ ተሰበሰቡ። ይህን «ተጭነውባታል» ብሎ ማንበብ እኔን ከብዶኛል።

ሳክስፎኑ ራሱ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 አርባዎቹን የአርመን ልጆች ከኢየሩሳሌም አምጥተው የነሐስ ባንድ ካቋቋሙ መቶ ዓመት አልፏል። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላና ፉከራን በሳክስፎን ሲጫወት ማንም «ፈረንጅ» አላለውም። ሙላቱ አስታጥቄም ኢትዮ ጃዝን የጀመረው አሜሪካ ተቀምጦ ነው። እንግዲህ ጥያቄው መሣሪያው ከየት መጣ የሚለው አይደለም። ቅኝቱን ምን አደረገው የሚለው ነው።

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፤ ጸሐፊው ያላዩት ነገር ያለው እዚህ ነው።

የእኛ ቅኝት አምስት ድምፅ ነው። በአምስቱ መሐል ያለው ርቀት ነው ትዝታን ትዝታ፣ አምባሰልን አምባሰል የሚያደርገው። ኪቦርድ ወይም ጊታር የሚይዝ ሰው በየሁለት ምቱ ኮርድ (አንድ ላይ የሚመቱ ድምፆችን) ሲቀያይር ግን ቅኝቱ ውስጥ የሌሉ ድምፆች ሾልከው ይገባሉ። ዘፋኙ አምባሰል እየዘፈነ ከሥሩ ሌላ ነገር ይጫወታል። በኪቦርድ ብቻ በተሠሩ ስንት ካሴቶቻችን ላይ ይህ ጥፋት አለ! ዜማው ያገር ቤት፣ አጃቢው የሠርግ ቤት።

ላስዌል ያደረገው የዚህን ተቃራኒ ነው። ባሱ አንድ ቦታ ይቆማል። ያቺኑ አጭር ሐረግ ይመላለስባታል። ኮርድ የሚባለው ነገር እምብዛም አይንቀሳቀስም። ከላይ ያለው ዜማ ማንም ሳይገፋው እንደልቡ ይሄዳል። ጃዚስቶቹም ቢሆኑ እሷ ስትዘፍን አይሻሟትም፤ ስንኟን ስትጨርስ በተወችላቸው ቦታ ይገባሉ። ማሲንቆ መቺ ከአዝማሪው ጋር እንደሚያደርገው ማለት ነው። ጸሐፊው ያማረሩበት ያ ከባድ፣ ግትር ባስ ነው እንግዲህ ቅኝቱን የጠበቀላት። ባሱ እንደ ዘመኑ ጃዝ ወዲያ ወዲህ ቢል ኖሮ ያን ጊዜ እኔም «ጂጂን ቀሟት» ብዬ ከጸሐፊው ጋር እቆም ነበር።

«ዘፈኖቹ እየተደጋገሙ ያሰለቻሉ»

ይህን የሚለው ሰው የኮምቦልቻ ሰው ባይሆን ባልገረመኝ። እኛ መንዙማ እየሰማን ያደግን ሰዎች ነን። መንዙማ ቤት ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በራፍ ላይ ቆሞ የሰማው ነገር ነው፤ ወሎ እንዲህ ነው። መንዙማው ሲባል አዝማቹ ያው ነው። ድቤው ያው ነው። ጭብጨባው ያው ነው። የሚለወጠው መሪው ነው። ቃሉን ይጨምራል፣ ድምፁን ያወጣል፣ ያወርዳል። ጀመዓው እየሞቀ ይሄዳል። እኩለ ሌሊት ላይ ያ አዝማች ማታ የተጀመረው አዝማች አይደለም። አንድም ሰው ግን «ተደጋገመብኝ» ብሎ አይነሳም።

የጂጂ አልበም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ከበሮውና ባሱ መሬቱን ይይዛሉ። እሷ ያንኑ ስንኝ ስትመልሰው በሌላ ጉሮሮ ትመልሰዋለች። አንዴ ታሳጥረዋለች። አንዴ መጨረሻውን ትስበዋለች። አንዴ በሹክሹክታ ትለዋለች። ይህን የሚያውቅ ሰው ሦስተኛውን ዙር ይጠብቃል እንጂ ወደሚቀጥለው ዘፈን አይዘልም።

አንድ ነገር ግን ለጸሐፊው እሰጣለሁ። ሁለት ሦስት ዘፈን ላይ መግቢያው ከሚገባው በላይ ይረዝማል። አንዳንዱ የኪቦርድ ድምፅም ዛሬ ዕድሜው ያስታውቃል። በ2001 አዲስ የነበረው ሁሉ አዲስ ሆኖ አልቀረም።

«ግጥሙ ጥርት ብሎ አይሰማም»

በከፊል እውነት ነው። ድምጿ ላይ ኢኮ አለ። አንዳንድ ቦታ የስንኙ ጫፍ በቀጣዩ ስንኝ መጀመሪያ ላይ ይደረባል። እኔም ብሆን ጥቂት ቦታ ላይ ኢኮው ቢቀነስ እመርጥ ነበር።

ነገር ግን አማርኛ ሲዘፈን ቃሉን የሚያስለዩት ድምፆች ቀ፣ ጠ፣ ጨ፣ ጸ እና የመሳሰሉት ናቸው። ፈንዳ፣ ቆረጥ የሚሉ ድምፆች ናቸው። ይህ ፍንዳታቸው ያለው ላይኛው የድምፅ ክልል ላይ ነው። ካሴት ሲገለበጥ መጀመሪያ የሚጎዳው ይኼው ክልል ነው። በኤምፒ3 ክፉኛ ሲጨመቅም እንደዚያው። ፋይሉ ላይ ጠ ወደ ተ የተጠጋበትን ቦታ እኔና ወዳጄ ለይተን ሰምተናል። ሲዲው ላይ ጠ ናት፤ ቁርጥ ያለች ጠ። ጂጂ ደግሞ ፊደሏን የምትበላ ዘፋኝ አይደለችም። ቤት ውስጥ ከቄስ የቤተክርስቲያን ዜማ እየተማረች ያደገች ናት፤ ቃልን ይዞ ማቆየት፣ አንዷን ፊደል በብዙ ዜማ ማዞር ከዚያ የመጣ ልማድ ነው። ቃሉ ረዘመ ማለት ጠፋ ማለት አይደለም።

«ከዛሬ አልበሞች አንጻር ድምፁ ደካማ ነው»

ይቺ አጭር መልስ ይበቃታል። የዛሬ አልበሞች የሚጮሁት ስለተሻሉ አይደለም። በመጨረሻው የድምፅ ማስተካከያ (ማስተሪንግ) ላይ ዝቅ ያለው ድምፅ ከፍ፣ ከፍ ያለው ዝቅ ተደርጎ ተጨፍልቆ ነው። ሁሉም ነገር እኩል ይጮሃል። ሹክሹክታና እልልታ አንድ ቁመት ይሆናሉ። ዩቲዩብን የመሳሰሉት መተግበሪያዎች እንኳ አሁን አሁን በጣም የጮኸውን ዘፈን በራሳቸው ዝቅ ያደርጉታል። የጂጂ አልበም ላይ ዝቅ ያለው ዝቅ ብሎ፣ ከፍ ያለው ከፍ ብሎ ይሰማል። ደካማ ከመሰለዎት ድምፁን ይጨምሩት። ምንም አይሆንም፤ አይሰነጠቅም።

«ሥራው ከእሷ ይልቅ የፕሮዲውሰሩ ነው»

ይህን ለመፈተን ቀላል መንገድ አለ። ላስዌል ይህንኑ አልበም ወስዶ እ.ኤ.አ. በ2003 «ኢሉሚኔትድ ኦዲዮ» በሚል ርዕስ እንደገና ሠርቶታል። እዚያ የእሷ ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ የለም፤ ሲመጣም ከሩቅ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ባሱና ኢኮው ሜዳውን ይዘውታል። ደስ የሚል ሥራ ነው፤ እኔ ማታ ማታ እሰማዋለሁ። ግን የፕሮዲውሰር አልበም ምን እንደሚመስል ማየት የሚፈልግ እሱን ይስማ። ከዚያ ወደ 2001ዱ ይመለስ። ልዩነቱን ማንም አይነግረውም፣ ራሱ ያየዋል።

በዚያው ዓመት ደግሞ «አቢሲኒያ ኢንፊኒት» በሚል ስም «ዛየን ሩትስ» የተባለው አልበም ወጣ። ጸሐፊው «ምነው ባገር ቤት መሣሪያ ብትሠራው» ብለው ነበር። ሠርታዋለች! ያም የላስዌል እጅ ያለበት ነው፤ ግን ረጋ ያለ፣ ወደ ክራርና ከበሮ የቀረበ ሥራ ነው። እንግዲህ በሦስቱ አልበሞች ፕሮዲውሰሩ አንድ ነው፤ አለባበሱ ሦስት ዓይነት ነው። ሁለቱን የጂጂ የሚያደርጋቸው ግጥሟ፣ ዜማዋና አዘፋፈኗ ነው። እሷ ገለል ስትል አልበሙ የላስዌል ሆነ። ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ሴት ድምፃዊት ጥሩ ነገር ስትሠራ ከኋላዋ ወንድ መፈለግ የቆየ ልማዳችን ነው። ጸሐፊው ይህን አስበው ጽፈውታል ብዬ አላምንም። ግን ዓረፍተ ነገሩ እዚያ ያደርሳል፤ ቢያነሱት ደስ ይለኛል።

«የወሎ ጆሮ አይቀበለውም»

የትኛው የወሎ ጆሮ?

አራት ዋና ቅኝት አለን ሲባል ሁለቱ የተሰየሙት በባቲና በአምባሰል ነው። አንዷ ከኮምቦልቻ በምሥራቅ በኩል፣ ሌላው ከሐይቅ ወዲያ። አንዱ ቅኝት ከሌላው በምን እንደሚለይ በስም ባያውቅም በጆሮው የሚያውቅ ሕዝብ ነው ያለው እዚህ። ማሪቱ ለገሰን ያለ ምንም አጃቢ ቢሰማት የሚቀመጥ ሰው ነው። መንዙማን ሌሊቱን ሙሉ የሚሰማ፣ ማኅሌት ቆሞ የሚያድር ሰው ነው። ረጅም ዜማ፣ የሚመላለስ ከበሮ፣ ማሚቶ ያለው ድምፅ ለዚህ ጆሮ ከባድ ነው? እንደኔ ከሆነ ይህን አልበም ለመስማት ከማንም ቀድሞ የተሰናዳ ጆሮ ቢኖር የወሎ ጆሮ ነው። ያልተሰናዳው የምንሰማበት ዕቃ ነው። እሱ ደግሞ ይስተካከላል። ደህና ኢርፎን፣ ከካሴት ያልተገለበጠ ፋይል፣ ባሱን መሐል ላይ መመለስ፤ ሌላ ምንም አይጠይቅም።

ጸሐፊው ስለ አልበሙ ብዙ ዘፈኖች ጽፈዋል። ስለ መጨረሻው ስለ «ዓድዋ» ግን አንድ ቃል የለም። ምናልባት ሚኒባሱ መናኸሪያ ደርሶ ይሆናል። እዚያ ዘፈን ላይ ምቱ ገለል ብሏል። ከኋላ ያለው ሙዚቃ ቀስ ብሎ ተዘርግቷል። ድምጿ ፊት ለፊት ብቻውን ቆሟል። ለሰው ክብር ስለሞቱት ትዘፍናለች፤ ቃሉ አንድ በአንድ ይሰማል። የሚውጣት ባስ ፈልገው ቢያጡ አልፈርድብዎትም።

ወንድሜ፣ ደሴ ሲመጡ ወዳጄ ሱቅ ጎራ ይበሉ። ፍላሽዎንም ይዘው ይምጡ። ሲዲውን እኔ አመጣለሁ። ከ«ዓድዋ» እንጀምርና ወደ ኋላ እንሄዳለን።